ባለቤቴ በየማታው ጅሬን ወጥታ አድማስ ታያለች

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የጅማ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩትም፣ ነግጄ የምበላውም እዚሁ ነው። ዕድሜዬ 44 ነው። ሥራዬ የቡና ንግድ ነው። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የባቱ ልጅ ናት፣ የድሮዋ ዝዋይ። ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል። የ12 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉን። እናቴም ከእኛው ጋር ናት።

ጭንቀቴ እንዲህ ነው። ክረምቱ ጋብ ካለ ወዲህ ባለቤቴ በሳምንት ሦስትም አራትም ቀን ከሥራ ስትመለስ ልጆቹን መክሰስ ታበላና፣ ለእናቴ አደራ ብላ ትወጣለች። "አየር ልቀበል ወጣ ብዬ ነበር" ትለኛለች። እኔም ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር የምትል ነበር የሚመስለኝ። በቀደም አንድ ጓደኛዬ "ሚስትህን ጅሬን ላይ ብቻዋን ቆማ አየኋት፤ ደግሞ አንድ ቀን አይደለም" አለኝ። ጅሬን ከከተማችን በላይ ያለ ከፍታ ነው። ጓደኛዬ ቀጠል አድርጎም "ልቧ ሳይሸፍት አይቀርም" አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ባለፈው ሳምንት መጋዘኑን በጊዜ ዘግቼ በሌላ ባጃጅ ተከተልኳት። ይህን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለፍ ብላ ወረደች። አንድ ዛፍ ሥር ቆመች። የመጣ ሰው የለም። ስልክም አላወራችም። ቁልቁል ከተማውን፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ተራራውን ዝም ብላ ታያለች። ፀሐይ እስክትገባ ቆየች። ከዚያ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛች። ከሻጯ ጋር ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ባለቤቴ ግን ከት ብላ ስትስቅ አየሁ። በቆሎዋን ይዛ በባጃጅ ወረደች።

እሷ ከሄደች በኋላ የቆመችበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ያየሁት ቆርቆሮና ተራራ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ማታ ቤት ስገባ ደብተር እያረመች ነበር። ቀና ሳትል "እንዴት ዋልክ" አለችኝ። "ደህና" ብዬ አለፍኩ።

ይሳቁብኝ፣ በተራራ ቀንቻለሁ። ጓደኛዬ "ከልክላት" ይላል። ታላቅ እህቴ ደግሞ "ደህና ሰው ባዶ ሰማይ ሲያይ አያመሽም፤ ጸበል ውሰዳት" ትላለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ሰው ምን ቢያገኝበት ነው አድማስ የሚያየው? ከእኔ ርቃ መሄድ አምሯት ይሆን? ተከትያት እንደነበርስ ልንገራት ወይስ ሆዴ ውስጥ ይቅር?

የቡና ነጋዴው፣ ከጅማ

ወንድሜ፤

"በተራራ ቀንቻለሁ" ያልከው ላይ ፈገግ ማለቴን አልደብቅህም። ደግሜ ሳነበው ግን የቀናኸው በተራራው አልመሰለኝም። በበቆሎ ሻጯ ነው። አስበው እስቲ። ስለ ተራራው የጻፍከው "ቆርቆሮና ተራራ ነው" ብቻ ነው። ስለ ሳቋ ስትጽፍ ግን "ከት ብላ" አልክ። ማታ ደግሞ ቀና ሳትል "እንዴት ዋልክ" እንዳለችህ ነገርከኝ። መንገድ ዳር ያለች በቆሎ ሻጭ ያገኘችውን ሳቅ አንተ ቤትህ ውስጥ አላገኘኸውም። ይህ ያማል። ያማል ብለህ በግልጽ አልጻፍክም እንጂ ደብዳቤህ ሁሉ የሚናገረው እሱን ነው።

ስለዚህ ስለ አድማሱ ከማውራታችን በፊት አንዳንድ ነገር ልጠይቅህ። መልሱን ለእኔ መላክ የለብህም። አሁን ጥቅምት ነው፤ እሸት ቡና መለቀም ተጀምሯል። ለአንተ ዓይነት ሰው የዓመቱ እንጀራ የሚገኘው በእነዚህ ወራት ነው። ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? መጋዘኑን በጊዜ የዘጋኸው እሷን ለመከተል ነው፤ ከዚያ በፊት በጊዜ የዘጋኸው መቼ ነበር? ስትገባስ ወሬያችሁ ስለ ምንድነው? የልጆቹ ትምህርት፣ የእናትህ ጤንነት፣ የቡና ዋጋ ይሆናል። ከዚህ ውጪ ስለ አንድ ተራ ነገር ተያይታችሁ የሳቃችሁበት ቀን ትዝ ይልሃል? እየወቀስኩህ አይደለም። የቡና ወቅት ምን እንደሚመስል ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያንን ሳቅ ጅሬን ድረስ ሄደህ ከመፈለግህ በፊት ግን ቤት ውስጥ የት እንደቀረ ብታስብ ይሻላል።

አሁን ወደምትፈራው ነገር ልምጣ። ርቃ መሄድ አምሯት ይሆን? የባለቤትህን ልብ እኔ አላውቅም፤ የምታውቀው እሷ ናት። ግን ሩቅ ማየትና ሩቅ መሄድ ለየቅል ናቸው። ከትዳሩ ለመውጣት ያሰበ ሰው ከተራራ ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም። ደሞዙን ያሰላል፣ የቤት ኪራይ ያጠያይቃል፣ የዝውውር ፎርም ይሞላል፣ ዘመድ ጋ ይደውላል። ባለቤትህ ልጆቹን አብልታ፣ ለእናትህ አደራ ብላ ትወጣለች፤ ፀሐይ ስትገባ በቆሎዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሸፈተ ልብ እንዲህ ሰዓት አክባሪ ሲሆን አላየሁም። ደግሞም አልደበቀችህም። "አየር ልቀበል" ብላሃለች። "የት ሄደሽ ነው የምትቀበይው?" ብለህ የጠየቅካት ግን አልመሰለኝም።

"ሰው ምን ቢያገኝበት ነው?" የሚለው ጥያቄህ ደስ አለኝ። ብዙ ባል እዚህ ላይ "ምን ሥራ ፈትነት ነው!" ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከባቱ እንነሳ። ባለቤትህ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። የዝዋይ ሐይቅ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱም ወደ 20 ይጠጋል። ልጅ ሆና ዳሩ ላይ ስትቆም ከፊቷ የሚጋርዳት ነገር አልነበረም። ውሃው ሄዶ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ያልቃል፤ እንደ ቱሉ ጉዶ ያሉት ደሴቶች ከዚያ ላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ጅማ ስትመጣ የጠበቃት ሌላ ነው። መሐል ከተማ ሆነህ በየትኛውም በኩል ዞር ብትል ዓይንህን ኮረብታ ይመልሰዋል። አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። እዚያው ተወልዶ ላደገ ሰው የቤቱ አጥር ነው፤ ደህንነት ይሰጠዋል። ለሐይቅ ዳር ልጅ ግን ያው አጥር ሊጠባት ይችላል። 14 ዓመት ሙሉ እንዲህ ተሰምቷት ይሆን? አላውቅም። ጠይቃት። ምናልባት ራሷም አስባው አታውቅ ይሆናል።

ጅሬን ሲወጣ ይህ ይለወጣል። የከፍታ ነገር ነው፤ ሒሳብም አለው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሐይቅ ዳር ቢቆም የውሃው ጠርዝ ከእሱ የሚርቀው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከውሃው 100 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢወጣ ግን ያ ጠርዝ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ምድር ክብ ስለሆነች ትንሽ ከፍ ስትል ብዙ ይገለጥልሃል። እንደ ጅማ ባለ ተራራማ አገር ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቅርቡ ኮረብታ ይጋርዳል፣ ሩቁ ረጅም ተራራ ደግሞ ከጠርዙ ወዲያ ሆኖም ብቅ ይላል። ቢሆንም ታች ሆነህ ዓይንህን የዘጋብህ ኮረብታ፣ ጅሬን ላይ ስትቆም ከጀርባው ያለውንም ያሳይሃል።

በነገራችን ላይ፣ አድማስ ማየት የሥራ ፈት ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ አልቢሩኒ የሚባል ሊቅ ዛሬ ፓኪስታን በምንለው አገር ተራራ ላይ ወጥቶ፣ አድማሱ ከዓይኑ ትይዩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ከዚያች ትንሽ አንግል ተነስቶ የምድርን ግዝፈት አሰላ። ያገኘው ቁጥር ከዛሬው ብዙም አይርቅም። እሱንም ከታች ሆኖ ያየው ጎረቤት "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" ሳይል አልቀረም።

ባለቤትህ ምድርን ልትለካ አይደለም የወጣችው። የሷ ጉዳይ ድካም ይመስለኛል። መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ የምታየው ሰሌዳ፣ የልጆች ፊት፣ ደብተር ነው፤ ማታ እንደገና ደብተር፣ ከዚያ ስልክ። ሁሉም ቅርብ ነው። ቅርብ ነገር ስናይ ዓይናችን ውስጥ ያለች ጡንቻ ትኮማተራለች፤ ከ6 ሜትር ወዲያ ስናይ ደግሞ ትላላለች። የዓይን ሐኪሞች ኮምፒውተር ላይ ለሚውሉ ሰዎች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ሩቅ እንዲያዩ የሚመክሩት ለዚህ ነው። ሚስትህ ሃያዋን ሰከንድ ግማሽ ሰዓት አድርጋታለች፤ ይበላት።

አእምሮም እንደ ዓይን ይደክማል። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን (ባልና ሚስት ነበሩ) በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል። እንደነሱ አባባል ሐሳብን በግድ አንድ ነገር ላይ ማቆየት ያደክማል። አርባ ሃምሳ ልጅ ዝም ማሰኘት፣ እያንዳንዱን ደብተር ማረም ማለት ነው። ዳመና ሲንቀሳቀስ፣ ብርሃን ሲለወጥ ማየት ግን ሐሳብን ሳያስገድድ በቀስታ ይይዘዋል። በዚያ መሐል የደከመው ክፍል ያርፋል። አድማስ ደግሞ ምንም አይጠይቅህም። አይታረም፣ አይመለስለትም፣ "ቲቸር" ብሎ አይጣራም።

ሌላም አለ። ጄይ አፕልተን የሚባል እንግሊዛዊ የጂኦግራፊ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ያነሳው ሐሳብ ነው። ሰው የሚወደው ቦታ ሁለት ነገር ያለው ነው ይላል፤ ሩቅ የሚያሳይና ከጀርባ የሚከልል። የሚመጣውን ማየት፣ ራስ ግን አለመታየት። ከጥንት ጀምሮ ሰው በሕይወት የኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ስለሆነ ነው በማለት ያስረዳል። ዳግማዊ አባ ጅፋርም ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ የነበረው ለእይታው ውበት ብቻ አይመስለኝም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ሚስትህ ናት። ዛፍ ሥር ቆመች አልከኝ አይደል? ዛፉ ከጀርባዋ፣ ሩቁ ከፊቷ። አሁን ቤታችሁን አስበው። ሁለት ልጆች፣ እናትህ፣ አንተ። እናትህ ደግ ሰው መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ልጆቹንም የሚይዙላት እሳቸው ናቸው። ግን ሚስትህ እዚያ ቤት ውስጥ ገብታ በር የምትዘጋበት፣ ማንም "እማዬ" ወይም "አንቺ ልጅ" የማይላት አንዲት ጥግ አላት? ከሌላት ያቺ ዛፍ ጥጓ ናት። አንተ መጋዘን አለህ፣ ጓደኛ አለህ፣ ቡና የምትጠጣበት ደጃፍ አለህ። እሷ ያላት የባጃጅ ሒሳብ ከፍላ የምትሄድበት ያ ቦታ ነው።

አንተ ስትቆም ምንም አልተሰማህም። ችግሩ እኔ ጋ ይሆን ብለህ እንደሆነ፣ የለም። ያን ቀን ልብህ እየደለቀ፣ እንዳትታይ እየተሸሸግክ ነበር የቆምከው። በዚያ ሁኔታ ጢስ ዓባይንም ቢያሳዩህ አይታይህም። ደግሞም አድማስ የማታይ ሰው አይደለህም። ጀንፈልህ (ከነገለባው የሚደርቀው ቡናህ) ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ከሰዓት በኋላ ወደ ተራራው ቀና አትልም? ዳመናው በየት በኩል እንደጠቆረ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋው አይተህ፣ "ሸራውን አሁን ላልብስ ወይስ ትንሽ ልታገሥ" አትልም? አንተ የምታየው ለሥራ ነው፤ እሷ የምታየው ሥራ ስላልሆነ ነው። እህትህም "ደህና ሰው ባዶ ሰማይ ሲያይ አያመሽም" ብላለች። ረመዳን ሊገባ ሲል በየሰፈራችሁ ስንቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ጨረቃ እንደሚፈልግ እሷም ታውቃለች። ያኔ ማንም ማንንም ጸበል አይወስድም።

ወደ ከባዱ ልሂድ። ልንገራት ወይስ ሆዴ ውስጥ ይቅር ብለሃል።

ንገራት። ዝም ብትል የሚቆጭህ አንተን ብቻ ቢሆን ኖሮ እያመዛዘንኩ እመክርህ ነበር። ግን አንተን የወሰደ ባለ ባጃጅ አለ፤ አይቶ የነገረህ ጓደኛ አለ። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ለወሬ ትንሽ ናት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው "ፈርቶ ነው" ብሎ የሚያስረዳልህ አይኖርም። "ሰለላት" ነው የሚባለው። ያኔ ዛፏም ትበላሻለች፤ በቆመች ቁጥር ጀርባዋን ማየት ትጀምራለች። ይህን ልታደርግባት አትፈልግም።

እንዴት እንደምትነግራት ማሰብ አለብህ። ደብተር እያረመች አይሁን። እናትህና ልጆቹ ባሉበትም አይሁን። አልጋ ላይ፣ መብራት ከጠፋ በኋላም አይሁን፤ መሄጃ የሌለው ሰው ላይ ከባድ ነገር አይጫንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ወጣ በሉ። እንዲህ በላት፦ "አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ጅሬን ስትሄጂ ተከትዬሽ ነበር። ፈርቼ ነው። ትክክል አልነበረም።" ከዚያ ዝም በል። "ግን አንቺም እኮ" የምትለዋን ነገር ዋጣት። ጓደኛህ ያለውንም አትድገምላት፤ የሱን ክፉ ሐሳብ በአንተ አፍ መስማት የለባትም።

ልትቆጣ ትችላለች። መብቷ ነው። ልታለቅስም ትችላለች። ወይም ትስቅብሃለች፣ እኔ ይህን ነው የምመኝልህ። ቁጣው ከመጣ ያን ቀን ለማስታረቅ አትጣደፍ። "ገባኝ" በላትና ቀኑ ይለፍ።

ሲረጋጋ አንድ ጥያቄ ጠይቃት። "ምን ታያለሽ?" አትበላት፤ እንደ ምርመራ ይሆናል። "እዚያ ስትቆሚ ምን ይሰማሻል?" ይሻላል። ስለ ባቱ ልታወራህ ትችላለች፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አንተ ማምሸትም። ወይም "እኔ እንጃ" ትልሃለች። "እኔ እንጃ" እውነተኛ መልስ ነው፤ አታስጨንቃት። አድማስ የሚያዩ አብዛኞቹ ሰዎች ለምን እንደሚያዩ ቢጠየቁ ከዚህ የተሻለ መልስ የላቸውም።

ቀጥለህ "አንድ ቀን አብሬሽ ብመጣ ቅር ይልሻል?" በላት። "ይለኛል" ካለች ተቀበል። ብቻዋን መሆኑ ከሆነ የምትፈልገው፣ አንተ ስትገባበት ያ ነገር ይጠፋል። "ና" ካለችህ አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱ፤ ሌሎቹን ቀናት ለሷ ተዉላት። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ጨምር። የቡና ዋጋ አታንሳ። ማየት ካቃተህ ደግሞ መቁጠር ጀምር፤ ነጋዴ ነህ፣ ይሆንልሃል። ከከተማው ወዲያ ስንት ረድፍ ተራራ አለ? የመጀመሪያው ዛፉ ሳይቀር ይለያል፤ አረንጓዴ ነው። ቀጣዩ ይጠቁራል። ከሱ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ይሆናል። የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ሊመሳሰል ትንሽ ነው የሚቀረው። ተራራው ሰማያዊ ሆኖ አይደለም። በአንተና በሱ መሐል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትነው ነው፤ ሲርቅ አየሩ ይበዛል፣ ሰማያዊነቱም እንዲሁ። ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው ጥሩ ጊዜ ነው። በጋው ሲገፋ ጭሱና አቧራው የኋለኞቹን ረድፎች ይወስዳቸዋል። "እኔ አራት ነው የታየኝ፤ አንቺስ?" በላት። "አምስት" ካለችህ አምስተኛውን እንድታሳይህ ጠይቃት።

አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ የጨለማው ጉዳይ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከገባች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ሰዓት ከጅሬን ስትወርድ መስጋትህ ያለ ነገር ነው። ስጋትህን መከልከያ አታድርገው እንጂ ንገራት። የምታምኑት ባለ ባጃጅ ፈልጉና በሰዓቱ መጥቶ እንዲያወርዳት ተስማሙ፤ ሒሳቡን አንተ ቻል። እሱ ደግሞ ለአንተ ወሬ አቀባይ እንዳይሆን። ምን ሰዓት እንደወጣች፣ ከማን ጋር እንደነበረች አትጠይቀው።

"ከልክላት" ያለህ ጓደኛህ ሐሳቡን ጨርሶ ያሰበው አይመስለኝም። ብትከለክላት ምናልባት ትቀር ይሆናል። ከዚያስ? ያንን ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ደብተር ላይ አቀርቅራ ታሳልፈዋለች። አንተ የፈለግከው ቀና እንድትልልህ ነበር።

የእህትህን ነገር ሙሉ በሙሉ አልጥልም፤ ከስሯ እውነተኛ ስጋት ሊኖር ይችላል። ሰው ሲከፋው አንድ ቦታ ፈዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ልብ በል። እንቅልፏ ተዛብቷል? ምግብ አስጠልቷታል? በፊት የምትወደውን ነገር ትታለች? ምክንያቱን ሳትናገር ታለቅሳለች? "መኖር ሰለቸኝ" የሚመስል ቃል ወጥቷት ያውቃል? ከነዚህ አንዳንዶቹ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቃል ከወጣት ግን ሁለት ሳምንትም አትጠብቅ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት ግን የሚያሰጋ ነገር አላየሁም። ከማታውቃት ሴት ጋር ቆማ ከት ብላ የምትስቅ፣ በቆሎዋን እየበላች ወደ ቤቷ የምትወርድ ሴት ናት። ጸበልም ቢሆን ራሷ ከፈለገች ትሂድ፤ መልካም ነው። "ተራራ ስላየሽ ታመሻል" ተብላ መወሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለእህትህ "አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ናት" በላት፤ ካነጋገርካት በኋላ ማለቴ ነው።

የመጋዘኑን ሰዓትም አትርሳው። ቡናው እስኪያልቅ በየቀኑ በጊዜ ግባ አልልህም፤ የማይሆን ነገር መክሬ ምን ይጠቅምሃል። በሳምንት አንድ ቀን ግን፣ የትኛው እንደሚመችህ አንተ ታውቃለህ፣ ለመከተል ሳይሆን ለመግባት ብለህ ዝጋ። የዚያን ቀን ደብተር ማረሙን ትታ ከአንተ ጋር ትቀመጥ እንደሆነ፣ ተቀምጣም ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።